ኮርድ እንደ ኮርድ ይጻፍ

የኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ምልክቶችን በኖታ ወረቀት ላይ ስለማስገባት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በጀማሪ አቀናባሪዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ይገኛል። ጸሐፊው ብዙ ኖታ ያዘጋጁ ሰው እንደሆኑ ከአገላለጻቸው ያስታውቃል። ምክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ በኖታ መጻፊያ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው የኮርድ መሣሪያ ጊዜ ይበላል፤ የኮርዱን ስም በተራው የጽሑፍ መሣሪያ ከዜማው በላይ ማስፈር ይበቃል፤ ምልክቱ በሜዠሩ (በቋሚ መስመሮች መካከል ባለው የምቶች ክፍል) መጀመሪያ ላይ ከተቀመጠ የቀረውን የተጫዋቹ ጆሮ ያገኘዋል፤ ኮርዱን ለይቶ መሰየምም ለፕሮግራሙ ሊተው ይችላል፤ ከ7 በላይ ያሉ ቁጥሮችና ስላሾች (ከኮርዱ ስም ቀጥሎ የባሱን ድምፅ የሚለዩ ሰያፍ ጭረቶች) አንባቢን ያደናግራሉ፤ የአጻጻፍ ዘይቤው የየሰው ምርጫ ነው፤ ፕሮግራሙ ኮርዱን ሲያሰማም ጥቅም የለውምና ይዘጋ።

ምላሽ ለመስጠት የተነሣሁት ምክሩ ቀላልና የሚያጓጓ በመሆኑ ነው። የኮርድ ምልክት የሚጻፈው አቀናባሪው አጠገቡ ለማይኖር ተጫዋች ነው። ያ ተጫዋች ወረቀቱን ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው እየተጫወተ ነው፤ ቆም ብሎ ምን ማለት እንደተፈለገ መጠየቅ አይችልም። ምልክቱ የሚለው ነገር፣ የሚቆምበት ምትና የተጻፈበት መንገድ ሦስቱም ትክክል ሆነው ሊደርሱት ይገባል። የጸሐፊውን ነጥቦች አንድ በአንድ የማያቸው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ለመግባባት ያህል፣ ከዚህ በታች ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ የምላቸው የፊደል ስሞች ናቸው፤ ሲ ስል ዶ፣ ኤ ስል ላ ማለቴ ነው። ፍላት ድምፁን በግማሽ ቶን ዝቅ፣ ሻርፕ ደግሞ በግማሽ ቶን ከፍ ያደርጋል።

ከዋናው ነጥብ ልጀምር። ጸሐፊው በጽሑፍ መሣሪያ የተጻፈውና በኮርድ መሣሪያ የገባው ምልክት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ ይላሉ። ዛሬ ለታተመው ለዚያ አንድ ወረቀት እውነታቸውን ነው። ግን አንድ ጊዜ ታትሞ በዚያው የሚያበቃ ኖታ ስንት ነው? ዘፋኟ ከፍ ብሎብኛል ትላለች፤ የትራምፔት ተጫዋቹ የራሱን ወረቀት ይጠይቃል፤ ጊታሪስቱ ካፖ (የጊታሩን ክሮች በሙሉ ጨቁኖ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርግ ማሰሪያ) አስሮ መጫወት ይመርጣል። በሦስቱም አጋጣሚዎች ፕሮግራሙ ከዜማው በላይ ያለው ነገር ኮርድ መሆኑን ማወቅ አለበት። በጽሑፍ መሣሪያ ከተጻፈ ለፕሮግራሙ "ቀስ ብሎ" ወይም "ሁለተኛ ስንኝ" ከሚለው ጽሑፍ የተለየ ነገር አይደለም።

በምሳሌ እንየው። በኤፍ ሜጀር የተጻፈ ዘፈን አለን እንበል፤ ኮርዶቹ ኤፍ፣ ዲ ማይነር 7፣ ጂ ማይነር 7 እና ሲ 7 ናቸው። ለአልቶ ሳክስፎን ወረቀት ስናወጣ ፕሮግራሙ ዜማውን ወደ ዲ ሜጀር ያዛውረዋል፣ ምክንያቱም አልቶ ሳክስፎን የኢ ፍላት መሣሪያ ነው፤ ሲ ተብሎ የተጻፈለትን ሲጫወት የሚሰማው ኢ ፍላት ነው። ኮርዶቹ በኮርድ መሣሪያ ገብተው ከሆነ አብረው ተዛውረው ዲ፣ ቢ ማይነር 7፣ ኢ ማይነር 7፣ ኤ 7 ይሆናሉ። የቢ ፍላት መሣሪያ ለሆነው ለትራምፔት ደግሞ ጂ፣ ኢ ማይነር 7፣ ኤ ማይነር 7፣ ዲ 7። በጽሑፍ የገቡት ግን በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ኤፍ፣ ዲ ማይነር 7 እንዳሉ ቁጭ ይላሉ። ሳክስፎኒስቱ የተጻፈለትን ዜማ እስከሚጫወት ድረስ ምንም አይሰማም። ሶሎ እንዲወስድ ሲነገረው፣ በምልክቱ አምኖ ኤፍን ሲይዝ፣ ከባንዱ ጋር የሚጋጭ ድምፅ ያወጣል። ከዚያ በሰው ፊት የሚሸማቀቀው ወረቀቱን ያዘጋጀው ሳይሆን የተጻፈለትን ያነበበው ተጫዋች ነው። ይህ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል።

የዘፋኟ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ዘፈኑን በአንድ ቶን ዝቅ አድርጉልኝ ካለች ኮርዶቹ ኢ ፍላት፣ ሲ ማይነር 7፣ ኤፍ ማይነር 7፣ ቢ ፍላት 7 መሆን አለባቸው። አራት ኮርድ በእጅ መቀየር ቀላል ነው። 64 ሜዠር ባለው ዝግጅት፣ በየሜዠሩ ሁለት ኮርድ ሲኖር ግን አንዱ ያመልጣል፤ ያመለጠው አንዱ ደግሞ በብዙ ትክክለኛ ኮርዶች መካከል ስለሚደበቅ በዓይን አይያዝም። በእርግጥ ፕሮግራሙም እንዲሁ ሊታመን አይገባም፤ ሲያዛውር አንዳንዴ ጂ ፍላት መባል ያለበትን ኤፍ ሻርፕ ብሎ ያወጣል። ካዛወሩ በኋላ ወረቀቱን ከኪይው (ዘፈኑ ከተጻፈበት ሜጀር ወይም ማይነር) ጋር አስተያይቶ ማየት ግድ ነው። ያ ግን የሆሄ እርማት እንጂ ሁሉንም እንደ አዲስ መጻፍ አይደለም።

መሣሪያው ጊዜ ይበላል ለሚለው፣ ጸሐፊው የገለጹት አሠራር በመዳፊት እያንዳንዱን ኖታ እየመረጡ፣ ከምናሌ ውስጥ ኮርድን እየፈለጉ መሥራትን ነው። በዚያ መንገድ ከተሠራ በእርግጥ ያሰለቻል። ሚዩዝስኮርና ሲቤሊየስ በሚባሉት የኖታ መጻፊያ ፕሮግራሞች ግን የመጀመሪያውን ኖታ መርጦ ኮንትሮልን ከኬ ጋር መጫን፣ ኮርዱን መጻፍ፣ ስፔስን መጫን፣ ቀጣዩን መጻፍ ነው፤ እጅ ከኪቦርዱ አይነሣም። ዶሪኮ በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ሺፍትና ኪው ሲጫኑ ትንሽ የመጻፊያ ሳጥን ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ሚዩዝስኮር ላይ ዜማው በስምንተኛ ኖታዎች የተሞላ ከሆነ ስፔስ በየኖታው ስለሚቆም ያዘገያል፤ ለዚህ ሴሚኮለን ወደሚቀጥለው ምት፣ ታብ ደግሞ ወደሚቀጥለው ሜዠር ያሻግራል። ትንሿ ቢ እንደ ፍላት፣ የሻርፕ ምልክቷም እንደ ሻርፕ ተነብባ በትክክለኛው ቅርጽ ትወጣለች። በጽሑፍ መሣሪያ ግን ቢ ፊደል ቢ ፊደል ሆና ነው የምትቀረው፤ እውነተኛውን የፍላት ምልክት ከምልክቶች ሰሌዳ መፈለግ ያስፈልጋል። ሲቤሊየስና ዶሪኮ በሚዲ ኪቦርድ (ከኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ የፒያኖ ቁልፍ ሰሌዳ) የተጫወትነውን ኮርድ ተቀብለው ስሙን ይጽፋሉ፤ ፒያኖ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የሚፈጥን መንገድ አላውቅም።

ስለ ቦታ የተሰጠው ምክር ሁለት ነገሮችን አዝሏል። አንደኛው ኮርዱን በሜዠሩ መጀመሪያ ላይ ብቻ መደርደር ነው፣ ቀሪውን ጆሮ ያገኘዋል በሚል። ዘፈኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ያገኘው ይሆናል። የማያውቀው ግን ኮርዱ በሦስተኛው ምት ይለወጥ ወይም በአራተኛው፣ ከየት ይሰማል? እርሱ ራሱ ነው እኮ ኮርዱን የሚያሰማው። ባሲስቱ በሦስተኛው ምት ሲሄድ ፒያኒስቱ በአራተኛው ከሄደ አንድ ምት ሙሉ ሁለት ኮርድ ተደራርቦ ይሰማል። ለውጡ ከሜዠሩ በፊት በስምንተኛ ኖታ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፣ ምልክቱን እዚያችው ስምንተኛ ላይ ማሠር፣ ካስፈለገም አጃቢዎቹ የሚመቱትን ሪትም በስላሽ ኖታ (ድምፁን ሳይሆን ምቱን ብቻ በሚያሳዩ ሰያፍ ጭረቶች) ማሳየት ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ምክር ይበልጥ አስደንግጦኛል። ሜዠሩን በሙሉ የሚይዝ አንድ ሙሉ ኖታ ካለና ኮርዱ በመሃል ከተለወጠ፣ ሙሉውን ኖታ ለሁለት ግማሽ ኖታዎች ከፍሎ በታይ (ሁለት ኖታዎችን እንደ አንድ በሚያስይዝ ቅስት) ማያያዝ፣ ከዚያም ሁለተኛውን ኮርድ ከሁለተኛው ግማሽ በላይ መጻፍ ይላሉ። ይህ ለኮርድ ሲባል ዜማን ማበላሸት ነው። ዘማሪው አንድ ረጅም ድምፅ ማየት ሲገባው ሁለት የታሠሩ ኖታዎች ያያል፣ ግጥሙ ከሥር ካለም አቀማመጡ ይረበሻል። ደግሞም አያስፈልግም። ኮርድ ከምት ጋር እንጂ የግድ ከኖታ ጋር መታሠር የለበትም። በሚዩዝስኮር ሙሉው ኖታ ላይ የመጀመሪያውን ኮርድ ጽፎ ሴሚኮለንን ሁለቴ መጫን ወደ ሦስተኛው ምት ያደርሳል፣ ኖታ ባይኖርበትም። ዶሪኮም በስፔስ ከምት ወደ ምት ይሻገራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልምጣ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ከኖታው አንብቦ ኮርዱን ይሰይም ወደሚለው። ሲቤሊየስ ለዚህ የሚሆን ተሰኪ አለው፣ ፊናሌ የሚባለው ፕሮግራምም ከአንድ ወይም ከሁለት መስመር ኖታ ኮርድ የሚተነትን መሣሪያ ነበረው። ጸሐፊው በአንድ ጠቅታ ገጹ በሙሉ በኮርድ ሲሞላ አይተው ተደንቀዋል። መደነቃቸው ይገባኛል። ነገር ግን ፕሮግራሙ የሚያውቀው የትኞቹ ኖታዎች እንዳሉ ነው፤ የኮርዱ ስም ደግሞ ከኖታዎቹ ብቻ አይወጣም።

ሲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ አብረው ሲሰሙ ሲ 6 ናቸው፤ እነዚሁ አራቱ ኤ ማይነር 7ም ናቸው። ሲ፣ ኤፍ እና ጂ ሲ ሰስ 4 ሊባሉ ይችላሉ፣ ኤፍ ሰስ 2ም እንዲሁ። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ባሱ ላይ ያለው ኖታ፣ ከየት እንደመጣንና ወዴት እየሄድን እንደሆነ ነው። ዲሚኒሽድ 7 ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በእኩል ርቀት የተደረደሩ አራት ድምፆች ስለሆኑ እያንዳንዱ ሥር (ኮርዱ የሚሰየምበት ድምፅ) ሊሆን ይችላል፤ ቢ ዲሚኒሽድ 7፣ ዲ ዲሚኒሽድ 7፣ ኤፍ ዲሚኒሽድ 7 እና ኤ ፍላት ዲሚኒሽድ 7 በፒያኖ ላይ የሚጫኗቸው ቁልፎች አንድ ናቸው። በጠቅላላው በድምፅ የሚለያዩ ዲሚኒሽድ 7 ኮርዶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ስሞቻቸው ግን ብዙ። ወደ ሲ የሚመራውን ቢ ዲሚኒሽድ ብሎ መጻፍ ለአንባቢው መንገዱን ያሳየዋል። ኤፍ ዲሚኒሽድ ተብሎ ከተጻፈ ጣቶቹ ትክክል ይሆናሉ፣ ባሱ ግን በግማሽ ቶን ወደ ሲ የሚወጣበትን መንገድ ያጣዋል።

ሌላው የመተላለፊያ ኖታዎች ጉዳይ ነው። የፒያኒስቱ ግራ እጅ ከጂ ወደ ኢ ሲወርድ በኤፍ ላይ ያልፋል እንበል፤ በዚያች ቅጽበት የቀኝ እጁ ጂ ሜጀርን ይዞ ከሆነ ፕሮግራሙ አዲስ ኮርድ አገኘሁ ብሎ ጂ 7ን፣ ያውም ባሱ ኤፍ ሆኖ፣ ይጽፋል። ጆሮ ግን ያንን እንደ ኮርድ አይሰማውም፤ መተላለፊያ ነው። እንዲህ እየሆነ አንድ ኮርድ ባለበት ሜዠር ላይ አራት ኮርድ ይደረደራል። በተቃራኒው አጃቢው ሲ እና ጂን ብቻ ይዞ ሦስተኛውን ድምፅ ዜማው በሌላ መስመር ላይ የሚሰጥ ከሆነ፣ ያንን አንድ መስመር ብቻ የሚያነብ ትንተና ሜጀር ይሁን ማይነር ሊያውቅ አይችልም። ትንተናውን ለማመሳከሪያ ያህል፣ እኛ ከሰየምን በኋላ ልዩነት ያለበትን ቦታ ለመመርመር ብንጠቀምበት ይረዳል። የመጀመሪያው ስም ግን ሙዚቃውን ከሰማ ሰው መምጣት አለበት፤ ማቀናበር ከሚባለው ሥራ ውስጥ አንዱ ክፍል ይህ ነውና።

ቁጥሮችንና ስላሾችን ማስቀረት በሚለው ላይ ከጸሐፊው ጋር በግማሽ እስማማለሁ። በየዜማው ኖታ ልክ የኮርድ ስም የሚያስረዝሙ አሉ፤ ዜማው ኤፍ ሻርፕን ስለነካ ብቻ ሲ 7 ሻርፕ 11 ብለው የሚጽፉ። ዜማው ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ሳለ በኮርዱ ስም መድገም አያስፈልግም፤ ምልክቱ የአጃቢው ነው። ነገር ግን ሁሉንም ወደ ሜጀር፣ ማይነርና 7 መቁረጥ ስህተት ይፈጥራል። ሲ 9 እና ሲ አድ 9 አንድ አይደሉም፦ የመጀመሪያው ውስጥ ቢ ፍላት አለ፣ ሁለተኛው ውስጥ የለም። አድ 9ን ለማቅለል ብሎ 9 ብቻ የጻፈ ሰው ያልፈለገውን 7 ጨምሯል። ዜማው ቢን ረዘም አድርጎ ሲይዝ ሲ ሜጀር 7 መጻፍም ቅንጦት አይደለም፤ ፒያኒስቱ በልማዱ ቢ ፍላት እንዳይጨምርበት ይጠብቀዋል።

ስላሽን በተመለከተ ግን ፈጽሞ አልስማማም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተስፋፋው ባለቁጥር ባስ አጻጻፍ፣ የባሱ ኖታ ተጽፎ ይሰጥና ከበላዩ ያለው ኮርድ በቁጥር ይጠቆማል። ዛሬ የምንጠቀምበት የኮርድ ምልክት ነገሩን ገልብጦታል፦ ኮርዱ ይሰየማል፣ ባሱ ደግሞ ሌላ ካልተባለ የኮርዱ ሥር እንደሆነ ይታሰባል። "ሌላ" የምንልበት መንገድ ስላሹ ብቻ ነው። ሲ፣ ጂ በቢ ባስ፣ ኤ ማይነር፣ ኤ ማይነር በጂ ባስ፣ ኤፍ የሚል መስመር ላይ ባሱ ሲ፣ ቢ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኤፍ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ስላሾቹን ካወጣናቸው ባሲስቱ ሲ፣ ጂ፣ ኤ፣ ኤ፣ ኤፍ ይጫወታል። ኮርዶቹ በስም አልተለወጡም፣ ዘፈኑን የሚሸከመው መውረጃ ግን ጠፍቷል። ብዙ ዘፈኖች ከዜማቸው ቀጥሎ የሚታወሱት በዚህ የባስ መስመር ነው።

የአጻጻፍ ዘይቤው የየሰው ምርጫ ነው የሚለው ደግሞ አንድ ገደብ ይጎድለዋል፤ በአንድ ወረቀት ላይ ምርጫው አንድ መሆን አለበት። ትልቁ ኤም ሜጀርን፣ ትንሹ ኤም ማይነርን ሲወክሉ በእጅ ጽሑፍ መሰል ፎንት ላይ ልዩነታቸው የመጠን ብቻ ይሆናል፤ በደብዛዛ መብራት ሥር ማንም ሊስት ይችላል። የመቀነስ ምልክትን ለማይነር የሚጠቀሙ አሉ፤ ሲ ቀጥሎ የመቀነስ ምልክት ቀጥሎ 9 ሲጻፍ ግን ሲ ማይነር 9 ነው ወይስ ዘጠነኛው ፍላት የሆነበት? የመደመር ምልክትም ኦግመንትድንና ሻርፕን ያምታታል። ካርል ብራንትና ክሊንተን ሮመር እ.ኤ.አ. በ1976 ለኮርድ አጻጻፍ አንድ ወጥ ሥርዓት ያቀረቡት በዚህ መምታታት የተነሣ ነው። ሥርዓታቸው ሁሉን አልገዛም፤ ለማይነር ሁለት ፊደል፣ ለሜጀር ሁለት ፊደል መጠቀም የሚለው ሐሳባቸው ግን እስካሁን ከማየው ሁሉ የጠራ ይመስለኛል። በዶሪኮና በሲቤሊየስ ዘይቤውን ከአንድ ቦታ ስንለውጥ ቀድሞ የገቡት ኮርዶች ሁሉ አብረው ይለወጣሉ፤ ሚዩዝስኮር ግን ትርጉሙን እየተረዳ የጻፍነውን አጻጻፍ እንዳለ ስለሚያቆየው፣ ከመጀመሪያው ወጥነትን መጠበቅ የአቀናባሪው ኃላፊነት ነው። ወረቀቱ በጀርመን ሥርዓት ለተማረ ሰው የሚሄድ ከሆነም ይታሰብበት፦ በዚያ ሥርዓት ቢ ማለት ቢ ፍላት ነው፣ የእኛን ቢ ኤች ይሉታል። ይህንን የሚቀይር ማስተካከያ በሚዩዝስኮር ውስጥ አለ። በተራ ጽሑፍ ለተጻፈ ኮርድ ግን አይሠራም።

ኮርዱን ማሰማት ጥቅም የለውም ይዘጋ ላሉት፣ ሚዩዝስኮር እ.ኤ.አ. በ2020 በ3.5 እትሙ ያመጣው ይህ አገልግሎት በእርግጥ ሙሉ ዝግጅት ሲደመጥ ያጨናንቃል፣ መዝጋትም ይቻላል። ከመዝጋታችን በፊት ግን አንድ ጊዜ ከዜማው ጋር ብቻ እናድምጠው። ኤ ማይነር ለመጻፍ ተፈልጎ ማይነሩ ከተረሳ፣ ከዜማው ሲ ጋር ሲ ሻርፕ ሲጋጭ ወዲያው ይሰማል። ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ለእኔ ግን ክርክሩን የሚዘጋ አንድ ጉዳይ ይቀራል። ፊናሌ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሲሠራ ኖሮ፣ ባለቤቱ ሜክሚዩዚክ በኦገስት 2024 ማሻሻሉን እንዳቆመ አስታወቀ። የዓመታት ሥራቸውን በዚያ ያከማቹ ሰዎች ፋይሎቻቸውን ወደ ሌላ ፕሮግራም ማሻገር ነበረባቸው። መሻገሪያው በአብዛኛው ሚዩዚክ ኤክስኤምኤል ነው፤ የመጀመሪያው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ፣ ፕሮግራሞች ኖታ የሚለዋወጡበት ቅርጸት። በውስጡ ኮርድ የራሱ ቦታ አለው፦ ሥሩ፣ ዓይነቱ፣ ባሱ ለየብቻቸው ይመዘገባሉ። በኮርድ መሣሪያ የገባው ምልክት ወደ አዲሱ ፕሮግራም ኮርድ ሆኖ ይገባል፣ እዚያም ይዛወራል፣ ይሰማል፣ ዘይቤው ይለወጣል። በጽሑፍ የገባው ተራ ቃል ሆኖ ይሻገራል። የትኛውም ፕሮግራም ለዘላለም እንደማይኖር አይተናል፤ ስለዚህ ይህ ጉዳይ የሩቅ ስጋት አይደለም።

እስካሁን በጽሑፍ መሣሪያ ኮርድ ያስገቡ አንባቢዎች ሁሉንም ወረቀት በአንድ ጊዜ እንዲያድሱ አልጠይቅም። ቅድሚያ የሚገባቸው ለኢ ፍላትና ለቢ ፍላት መሣሪያዎች የሚወጡት ናቸው፤ ከዚያ ኪያቸው ከዘፋኝ ዘፋኝ የሚለዋወጠው። አሮጌውን ጽሑፍ ወዲያው ሳያጠፉ ከበላዩ ኮርዱን በኮርድ መሣሪያ መጻፍ፣ ሁለቱን ማስተያየት፣ ከዚያ አሮጌውን መሰረዝ ይሻላል። በማስተያየቱ ጊዜ ለዓመታት ሳይታዩ የኖሩ የተሳሳቱ ኮርዶችም ይገኛሉ።